ፀዳለ ትቆጥራለች፣ እኔ እጽፋለሁ

ባለቤቴ ፀዳለ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ እዚሁ ጄኔቭ ውስጥ፣ ስድስት ቀን ሙሉ የወፍ ምግብ በልታ ኖራለች።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሰዎቹ ወደ ጄኔቭ ሲዛወሩ ይዘዋት መጡ። ፓስፖርቷን ጌትየው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። መኝታዋ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነበር። ለፈረንጆች ገና ቤተሰቡ ለእረፍት ሲሄድ፣ በሳምንት እንመለሳለን ብለው የሳምንት ዳቦና ወተት ትተውላት በሮቹን ሁሉ ከውጭ ዘግተው ሄዱ። በሳምንት አልተመለሱም። ዳቦው አለቀ፣ ወተቱም አለቀ። ውሃ ከማሽኑ ቧንቧ ትጠጣ ነበር።

ምድር ቤቱ ከመሬቱ እኩል የሆነች፣ ብረት የተገጠመባት አንድ ትንሽ መስኮት ነበረችው። ከመስኮቷ ፊት ለፊት የጎረቤት ቁጥቋጦ አለ። በቁጥቋጦው ላይ ደግሞ ለወፎች የበረዶ ወራት ስንቅ የተንጠለጠሉ ድብልብሎች ነበሩ፤ የሱፍ ፍሬና አጃ በሞራ ተለውሶ በመረብ የታሰረ። ፀዳለ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ አቃንታ፣ በብረቱ መካከል እያሾለከች አንድ በአንድ ሳበቻቸው።

ጎረቤቲቱ ማዳም ሮሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው መበለት ነበሩ። ድብልብሎቹ ከነመረባቸው ሲጠፉባቸው ድመት ነው ብለው ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው ጠበቁ። ያዩት ግን የሰው እጅ ነው። በረዶው ላይ ተንበርክከው በመስኮቷ ተመለከቷት። በመጀመሪያ ሾርባ አመጡላት፣ ከዚያ ፖሊስ ጠሩ። ወረቀቷ እስኪስተካከል ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ሁለቱንም ዓመት በእሳቸው ቤት ተቀመጠች።

ፀዳለ ይህን ስትናገር አልቅሳ አታውቅም። ሰው ቤት ተጋብዘን “ጨምሪ እንጂ” ሲሏት፣ “እኔ እኮ የወፍ እህል የበላሁ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ይበቃኛል” ብላ ሰዉን ታስቃለች። ማዳም ሮሼ እሑድ እሑድ ባለ ሥዕል የወፍ መጽሐፍ ዘርግተው ፈረንሳይኛ ያስተምሯት ነበር። ስለዚህ “መጥበሻ” ማለትን ሳታውቅ ሠላሳ የወፍ ስም ታውቅ ነበር። ሱቅ ሄዳ ጨው ለመጠየቅ እጇን ታወዛውዛለች፤ መንገድ ላይ ግን ዛፍ ላይ ያለውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች።

እኔ በዚያ ዘመን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበርኩ። ተዋወቅን፣ ተጋባን፤ አሁን አርባ አንድ ዓመታችን ነው። ሴት ልጃችን ሐሴት ስትወለድ ሻትሌን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘን፤ እስካሁን እዚያው ነን። ለሐሴት የፊደል ገበታ ገዝተን ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ እኔም አብሬያት ቆጠርኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። እሷ ወደ ጨዋታዋ ስትሮጥ እኔ ገበታው ፊት እቀር ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ወዲህ ብዕር ከእጄ አልተለየም፤ በጽሕፈቴም እኮራለሁ።

ፀዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራች። ከምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከአልጋ አይነሱም። ፀዳለ መስኮቱን ከፍታ በቅርንጫፉ ላይ ያሉትን ወፎች በየስማቸው ትነግራቸው ነበር። ልጃቸው ሙሴ ፋቭር አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሰሟት። የወፍ ወዳጆች ማኅበር ውስጥ ቆጠራ የሚያስተባብሩት እሳቸው ነበሩ። ከቡታን ድልድይ እስከ ሊኞን ያለውን የሮን ወንዝ ዳርቻ ሰጧት። “ይህ የአንቺ ነው” አሏት። ፀዳለ በዚህ አገር የኔ የምትለው መሬት አግኝታ አታውቅም፤ ያን ቀን ወደ ቤት የገባችው እንደ ባለ ርስት ነው።

እንግዲህ አሥራ ሦስት ዓመት አሠራራችን ይህ ነበር፦ እሷ አይታ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ አቅራቢ መነጽሯን ከዓይኗ አታወርድም፣ እኔ ዓይኔን ከደብተሬ አላነሳም።

“ሰባት ባለጉትዬ!” ትላለች።

“ባለጉትዬ ስንት ዓይነት አለ?”

“ያቺ ጥቁሯ ዳክዬ ናታ። ዝም ብለህ ጻፍ።”

“በፈረንሳይኛ ንገሪኝ እንጂ።”

“ፉሊጉል ሞሪዮን። አንተ ጽፈህ እስክትጨርስ ልጅ ወልዳ ታሳድጋለች።”

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ዓመቱን ወፎቹ ይመሩት ጀመር። በረዶው ሲለቅ በባቡር ዙሪክ እንሄዳለን። ሐሴት እዚያ ዜባህ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ናታን የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ ደንገል የከበበው ካትሰንዜ የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ከዚያ ማዶ ባሉ ጣሪያዎች ላይ ሽመላዎች ጎጆ ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ አንብቤ የዚህ አገር ሽመላዎች በስፔን በኩል ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንደሚሄዱ፣ ወደ እኛ አገር የሚመጡት የምሥራቆቹ እንደሆኑ ለፀዳለ ብነግራት፣ “ታዲያ ስፔን ድረስ ከደከሙ ትንሽ ታጥፈው ሰላም ቢሉን ምን ነበረበት?” አለች። በበጋ ሳምንት ያህል ቫሌ ተራሮች ላይ ክፍል እንከራያለን። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ጢማም አሞራ እዚያ አይተነዋል። የዚህ አገር ሰዎች ጨርሰው ካጠፉት በኋላ እንደገና አርብተው የለቀቁት ነው። ፀዳለ ለረጅም ጊዜ አይታው፣ “አጥፍተው ሲያበቁ ናፈቃቸው” አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። በጥቅምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደገና ዙሪክ ነን። ለጥር ወር ቆጠራ ግን ሁልጊዜ ጄኔቭ እንገኛለን። በጥር አንድ እሑድ ላይ በሐይቁና በወንዙ ያለው የውሃ ወፍ ሁሉ ይቆጠራል። ያ ቀን ለፀዳለ ከዓውደ ዓመት ይበልጥባታል።

በየዓመቱ መጨረሻ ሙሴ ፋቭር ቤታችን መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ከደብተሬ እያየሁ በፈረንሳይኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ኮምፒውተራቸው ላይ ይጽፋሉ። አምና ዕድሜ ተጫናቸውና ሥራውን ተዉ። ክሌር የምትባል ወጣት ተተካች፤ ከእንግዲህ ሁሉም ሰው ያየውን በስልኩ ላይ ራሱ ይሞላል ተባለ።

“አባዬ፣ እኔ ልሙላልህ” አለችኝ ሐሴት።

“እኔስ እጅ የለኝም?” አልኳት።

መነጽሬን አድርጌ፣ በአንድ ጣቴ፣ የዓመቱን ደብተር በአራት ቀን ጨረስኩ። የወፉን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። አንድም መስመር አልዘለልኩም። ስጨርስ “ተልኳል” የሚል አረንጓዴ ምልክት መጣ። ሊፍት ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁት።

በመስከረም መጨረሻ ሐሴት ደወለች።

“አባዬ፣ እማዬ አጠገብህ ናት?”

“ገበያ ወጥታለች። ምነው?”

“ከወፍ ማኅበሩ ኢሜይል መጣ። በኔ አድራሻ ነው የሚመጣው፣ ታውቃለህ። አልዞ... እንግዲህ በጣም በትሕትና ነው የጻፉት። የእማዬ የዘንድሮ ምዝገባ ሊሆን የማይችል ነገር ነው ይላሉ። ምናልባት ደክሟት ይሆናል፣ ለብዙ ዓመት አገልግሎቷ እናመሰግናለን፣ የጥር ወሩን ቆጠራ ሌላ ሰው ቢወስደው ይላሉ። አባዬ፣ ባለፈው ናታንን ሁለት ጊዜ በኔ ስም ጠራችው። ድስቱንም አሳረረችው። እኔ ፈራሁ።”

ሊሆን የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው። ባለቤቴ የሌለ ነገር እያየች እኔ ስጽፍ ኖሬ እንደሆነ መስማት አልፈለግኩም።

“እዚህ ዙሪክ ቪዲኮን ውስጥ የማስታወስ ችሎታ የሚመረምሩ ሐኪም አሉ። ለጥቅምት ቀጠሮ ያዝኩ” አለች። “የጡረተኛ ምርመራ ነው እንበላት። እንዳትነግራት፣ ዳኮር?”

“እሺ” አልኩ። በሕይወቴ እሺ ካልኳቸው ነገሮች ሁሉ በዚህኛው አፍራለሁ።

ከዚያ በኋላ ወንዝ ዳር ስንሄድ እሷ ወፎቹን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ቁልፍ ፈልጋ ስታጣ በልቤ እመዘግባለሁ። አንድ ስም ጠፍቶባት “ያ ማነው” ስትል እመዘግባለሁ። የራሴ መነጽር ግንባሬ ላይ ሆኖ ቤቱን ሳተራምስ ግን አልመዘገብኩም። አምስት ዳክዬ ብላ ስትጠራ ቀና ብዬ ራሴ እቆጥራለሁ። አምስት ናቸው። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ቀና ብዬ አላውቅም ነበር።

“ምን ታየኛለህ?” አለችኝ አንድ ጠዋት። “ላባ አበቀልኩ?”

“ምንም።”

“ምንም ከሆነ ጻፍ። አምስት ብያለሁ።”

ጥቅምት ደረሰና ዙሪክ ሄድን። በማግሥቱ ሦስታችን ቪዲኮን፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ዶክተሯ ጀርመንኛ ተናጋሪ ናት፤ በፈረንሳይኛ ልሞክር ብላ ነበር። ሐሴት ግን፣ “እናቴ በራሷ ቋንቋ ብትጠየቅ ይሻላል፤ እኔ አስተረጉማለሁ” አለች። ይህን ያለችው ለእናቷ ብላ ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ተሳስታ እንዳይፈረድባት።

መጀመሪያ አምስት ቃላት ተነገሯት፤ ድልድይ፣ ሎሚ፣ ወንበር፣ ደወል፣ ጨርቅ። በኋላ ትጠየቂያቸዋለሽ ተባለች። ከዚያ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰች እንድትቆጥር ጠየቋት፤ ቆጠረች። ከዚያ ዶክተሯ ነጭ ወረቀትና እርሳስ አቀረበችላት።

“እማዬ፣ ሰዓት ሣዪ ትልሻለች። ክብ አድርገሽ፣ ከነቁጥሮቹ።”

ፀዳለ እርሳሱን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

“ሐሴት፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት የት ነበር?”

“መጦሪያ ቤት።”

“እዚያ ሰዓት ሣሉ የሚባሉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ታውቂያለሽ?”

ፀዳለ ወደ እኔ ዞረች።

“አንተስ ማሞ፣ ታውቃለህ?”

ጫማዬን ተመለከትኩ። አርባ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ከዚህ በላይ መልስ አያስፈልጋትም።

“ገባኝ” አለች። ጀርባዋን አቃናች። “ስንት ሰዓት ላድርገው?”

ሐሴት ዶክተሯን ጠየቀችና፣ “ሁለት ሰዓት ከአሥር” አለች።

ፀዳለ ቀስ ብላ ሣለች። ክቡ እንደ ሳንቲም ክብ ነበር። አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች በየቦታቸው አሰፈረች፣ ሁለቱን እጆች አደረገችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። ዶክተሯ አየችው። መዝገቧ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ለሐሴት በጀርመንኛ ዝግ ብላ ስትነግራት የልጄ ዓይን እንባ ሞላ።

“ምን አለች?” አልኩ።

“ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው። ግን ሰዓቱ ተሳስቷል።”

ወረቀቱን ወሰድኩት። አጭሩ እጅ ስምንትን አልፎ፣ ረጅሙ ሁለት ላይ። እኔና ፀዳለ ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር የምንደርስበት ሰዓት ነው።

“ምኑ ነው የተሳሳተው?”

“አባዬ፣ ስምንት ከአሥር አድርጋዋለች።”

“ሁለት ሰዓት ከአሥር አላልሻትም?”

“አልኳት። ሁለት!”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሐሴት አማርኛ ከእኛ ጋር ትናገራለች፤ የምትኖረው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከዶክተሯ የሰማችውን ሁለት፣ ሁለት ብላ አቀበለቻት። ፀዳለ ደግሞ በአማርኛ ሁለት ሰዓት ከተባለች፣ በዚህ ምድር ላይ ያለ ማንኛውም የእጅ ሰዓት ስምንትን ያሳያል። ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ዶክተሯ ፊት አስቀመጥኩ። በአገራችን ቀኑ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ እንደሆነ፣ ሰዓት የምንቆጥረውም ከዚያ እንደሆነ በፈረንሳይኛ አስረዳኋት፤ ሐሴት ደግሞ የጎደለውን ሞላች። ዶክተሯ ፈገግ አለች፤ የፀዳለን ፊት ስታይ ግን ፈገግታዋን ተወችው። የጻፈችውን ሰርዛ፣ “እንግዲያስ ትክክል ነው” አለች።

እኔ ግን ገና አላበቃሁም ነበር።

“ሐሴት፣ ያንን ኢሜይል አሳዪኝ።”

“አሁን?”

“አሁን።”

ስልኩን ሰጠችኝ። ሊሆን የማይችለው ነገር በዝርዝር ተቀምጧል። ጨረባ የሚሉት የውሃ ወፍ፣ ሃያ ስድስት፣ ከሌሊቱ 02:10። ዓሣ የሚያጠምደው ሰማያዊ ወፍ፣ አንድ፣ ከሌሊቱ 01:40። ጉጉት ሲጮህ የተሰማው ደግሞ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ 11:30። እያንዳንዷን አወቅኋት። ከደብተሬ ላይ በአንድ ጣቴ የገለበጥኳቸው ናቸው። ለሙሴ ፋቭር በፈረንሳይኛ ስነግራቸው አፌ ሰዓቱን ራሱ ይለውጠው ነበር። ስልኩ ላይ ግን አፌ አልነበረም፤ ጣቴ ብቻ ነው የነበረው። ያ ሁሉ ኩራት!

“የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ሰዓቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፀዳለ ያየችው ሁሉ ትክክል ነው።”

ፀዳለ ከእኔ ወደ ሐሴት፣ ከሐሴት ወደ እኔ ተመለከተች።

“እና በዚህ ምክንያት ነው አእምሮዋን ስታለች ያላችሁኝ?” አለች።

አምስቱን ቃላት ስትጠየቅ ሦስቱን አስታወሰች። ዶክተሯ ለዕድሜዋ ደኅና እንደሆነች፣ ከዓመት በኋላ ብትመለስ መልካም እንደሆነ ነገረችን። ፀዳለ ካፖርቷን ራሷ ለበሰች፤ እንዳለብሳት አልፈቀደችም።

ወደ ዜባህ በአሥራ አራት ቁጥር ትራም ስንመለስ ከእኛ ሁለት ወንበር ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። አንድ ጊዜም ዞር አላለችም። ቤት ስንደርስ ናታን ወደ እሷ ሮጠ።

“እማማ፣ ማማ ስትደውል ሰዓት ሥለሻል አለች። እኛም ክላስ ውስጥ ሥለናል!”

“ስንት አገኘህ?”

“ሁሉንም።”

“ጎበዝ። እኔን ጥለውኝ ነበር” አለችና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከራት በኋላ ሐሴት ወጥ ቤት ገብታ እናቷ እግር ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። በሩ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ።

“እማዬ፣ ይቅር በዪኝ።”

“አንቺ ሩቅ ነሽ። ደብዳቤ መጣልሽ፣ ደነገጥሽ። እናትሽ ስለሆንኩ ነው የደነገጥሽው፤ አልቀየምሽም። እሱ ግን አጠገቤ ነበር።”

ጄኔቭ ስንመለስ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ፀዳለ ምግቡን ሠራች፣ ቤቱን አሰናዳች፣ ከጎረቤት ጋር ተጫወተች። ወደ ወንዙ ግን አልወጣችም። በሦስተኛው ሳምንት እንሂድ ብላት፣ “ከእንግዲህ አንተው እይ፣ አንተው ጻፍ” አለችኝ።

ለክሌር ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያለ ሐሴት እርዳታ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ የባለቤቴ ዓይንም አእምሮም ምንም እንዳልጎደለው፣ የዓመቱን ሰዓት ሁሉ አርሜ እንደምልክ። አምስት ጊዜ ጽፌ አምስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ከስድስተኛው በኋላ ላክሁ። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። ክሌር ይቅርታ ጠየቀች፤ ዳርቻው የማዳም ፀዳለ እንደሆነ፣ ከፈቀደችላትም በጥር ቆጠራ መጥታ አብራት መቆም እንደምትፈልግ ጻፈች። መልሱን ለፀዳለ አነበብኩላት። “ጥሩ ልጅ ናት” አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ኅዳርን ብቻዬን ወጣሁ። መነጽሩን ስይዝ ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ወፉን ሳገኘው ስሙ ይጠፋኛል። አንድ ጠዋት የጻፍኩትን እዚህ ላስፍረው፦ “ጥቁር ወፍ፣ ብዙ።” ቤት ስገባ ደብተሩን ከጠረጴዛው አንሥታ አየችው። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቁን ግን አልሰጠችኝም።

በቆጠራው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ፀዲ፣ ነገ ቆጠራ ነው። ትመጫለሽ ወይ?”

“እየጠየቅከኝ ነው?”

“እየጠየቅኩሽ ነው።”

“አስብበታለሁ።”

“ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። የጠፉሽ ሁለት ቃላት... ያሳስቡሻል?”

መርፌዎቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

“ያሳስቡኛል” አለች። “ስም ይጠፋብኛል፣ አውቃለሁ። ከእናንተ በፊት ነው ያወቅኩት። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።”

በማግሥቱ ስነቃ ካፖርቷን ለብሳ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች። “አንተ ሰውዬ፣ ወፎቹ ምሳቸውን በልተው ሊያበቁ ነው” አለች።

ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ፊት ይቆርጣል። ክሌር ድልድዩ ሥር ጠበቀችን፤ አፍንጫዋ የቀላ፣ ረጅም ልጅ ናት። ፀዳለ ዳርቻው ላይ ቆማ መጥራት ጀመረች፣ እኔም ጻፍኩ። ዓይኔን ከደብተሬ አላነሳሁም። ወደ ሊኞን ስንቃረብ መንቁራቸው ቀይ የሆነ ትልልቅ ነጫጭ ዳክዬዎች ተሰብስበው ነበር።

“ሀርል፣ አሥራ ሰባት” አለች በፈረንሳይኛ።

ክሌር የራሷን መነጽር አወረደች። ወደ እኔ አላየችም። “ማዳም ፀዳለ፣ እርግጠኛ ነዎት? እኔ አሥራ ስድስት ነው ያየሁት።”

ፀዳለ ግን አልተቆጣችም። መነጽሯን መልሳ አነሣች፣ በጣቷ አየር ላይ እየነካች እንደገና ቆጠረች።

“ልክ ነሽ፣ አሥራ ስድስት። አንደኛዋ ግንድ ናት” አለችና ጮክ ብላ ሳቀች። “ማሞ፣ ግንዷን ሰርዛት!”

በሌላው ጊዜ በአንዲት ወፍ ተከራክራ የማትረታ ሴት፣ ያን ቀን ተሳስታ ደስ አላት። ስለ ምን እንደሆነ ወደ ሻትሌን ዳገቱን ስንወጣ ጠየቅኋት። አንድ ቦታ ላይ ቆማ አረፈች። እዚያ ቆማ የተናገረችውን፣ ቤት እንደገባሁ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩት፦

“ያቺ ልጅ ስትጠራጠር እኔን ጠየቀችኝ። አየህ፣ ያ ነው። እኔ ሰው ተሳስተሻል ሲለኝ አልሞትም፤ እሳሳታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከአሁኑ የባሰ እረሳ ይሆናል፤ የዳክዬውን ስም፣ የናታንን ስም፣ የአንተንም ስም። ያን ጊዜም ከጀርባዬ አትማከሩ። መጥታችሁ ፊቴ ቁጭ በሉና ጠይቁኝ። መልሱ ቢጠፋኝ እንኳ የተጠየቅኩት እኔ ልሁን። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ቤት አገኘሁ፣ ልጅ አገኘሁ፣ የልጅ ልጅ አገኘሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን እኔ አየሁ ስል አምኖ የሚጽፍ፣ ካላመነም ዓይኔን እያየ የሚጠይቀኝ ሰው ነው።”